መቶ አለቃው፣ ውሻው እና የጋሼ ሰዓት

እሁድ ማታ አትደውሉልኝ፣ አላነሳም። ከስራ የማርፍባት አንዷ ማታ እሷ ናት፣ እሷንም ለኮሎምቦ ሰጥቻታለሁ። አዎ ያ ዝናብ ልብሱ የተጨማደደው፣ ሲጋሩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ኪሱን ሲፈትሽ የሚውለው፣ ተሰናብቶ ወጥቶ በሩ ላይ ሲደርስ ግንባሩን ይዞ የሚመለሰው ሰውዬ። የሱሱ መጀመሪያ ጋራዥ ነው። እንደ ግማሹ ያገሬ ልጅ እኔም ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሰራው፣ የሌሊት ሺፍት ላይ ከአንድ መኪና እስከ ሌላው አርባ ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ እና አንድ የኮሎምቦ ክፍል ሁለት መኪና ነው። እንደዛ ነበር የምቆጥረው።

ከዛ ጋሼ ገቡበት። ጋሼ ከኔ አንድ ፎቅ በላይ ነው የሚኖሩት፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ልጃቸው ሌላ ስቴት ናት። አንድ እሁድ ሽሮ ላደርስላቸው ወጥቼ ቲቪው ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው፣ ራሱን! ለካ በአንቴና ብቻ የሚመጣ የድሮ ፊልም የሚያሳይ ቻናል አለ፣ እሳቸውም ለብቻቸው እያዩት ኖረዋል። "መቶ አለቃው" ነው የሚሉት። ሌተናንት ማለት መቶ አለቃ አይደል እንዴ። ከዛን ቀን ጀምሮ እኔ ሽሮውን ይዤ እወጣለሁ እሳቸው ሪሞቱን ይይዛሉ፣ እና ፊልሙን ከማየት ይልቅ ፊልሙን መክሰስ ጀመርን።

ለማያውቀው ባጭሩ። ኮሎምቦ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ መርማሪ ነው፣ ስራው ነፍስ ግድያ። የፈጠሩት ሪቻርድ ሌቪንሰንና ዊሊያም ሊንክ የሚባሉ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛሞች የነበሩ ሁለት ደራሲዎች ናቸው። ፒተር ፎልክ መጀመሪያ የተጫወተው በፈረንጅ 1968 ነው፣ ተከታታዩ በ1971 ጀመረና በ1978 ቆመ፣ በ1989 በሌላ ጣቢያ ተነሳና እያሰለሰ እስከ 2003 ሄደ፣ በጠቅላላ 69 ክፍል። ልዩ የሚያደርገው ገዳዩን ከመጀመሪያው ማሳየቱ ነው። ማን እንደገደለ ታውቃላችሁ፣ እንዴት እንደገደለም አይታችኋል፣ የቀረው ይሄ ሰውዬ እንዴት ይደርስበታል የሚለው ብቻ ነው። እና ይሄ ነገር ተመልካቹን ያበላሸዋል፣ ማለቴ ቁጭ ብለህ መርማሪውን ስትመረምር ታገኘዋለህ ራስህን።

እኔ የጀመርኩት ከትንንሾቹ ነው። ስሙ። በተከታታዩ ውስጥ ማንም በስሙ አይጠራውም፣ ሲጠይቁትም ያልፈዋል። ግን በ1971 በወጣ አንድ ክፍል ላይ መታወቂያውን ከፈት አድርጎ ያሳያል፣ ያኔ ቲቪ ላይ ላየው ሰው ብልጭ ብላ የምትጠፋ ነገር ናት፣ አሁን ግን ፖዝ አድርጋችሁ ስታጎሉት "ፍራንክ ኮሎምቦ" ይላል። በ1976 ክፍል ላይም ያው መታወቂያ ይታያል። አንድ የዕቃ ክፍል ሰራተኛ ባዶ ከሚሆን ብሎ የሞላው ነው የሚመስለኝ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሊከራከርበት ነው ብሎ የት ያስባል።

ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው ብዙም አልተደነቁም። የፊሊፕን ታሪክ ስነግራቸው ግን ሪሞቱን አስቀመጡ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፍሬድ ዎርዝ የሚባል ሰው የጠቅላላ ዕውቀት መጽሐፍ ሲያዘጋጅ የኮሎምቦ የመጀመሪያ ስም ፊሊፕ ነው ብሎ ሆን ብሎ ውሸት ጨመረበት፣ አንድ ቀን የሚሰርቀኝ ቢመጣ በዚህ እይዘዋለሁ ብሎ። እውነትም ትሪቪያል ፐርሱት የሚባለው የጥያቄና መልስ ጨዋታ ሲወጣ ፊሊፕ እዛ ውስጥ ቁጭ ብሎ ተገኘ። ሰውዬው በ1984 የ300 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሰረተ። ተከሳሾቹም ከመጽሐፉ መውሰዳቸውን አልካዱም፣ ግን ከብዙ መጽሐፍ ነው የሰበሰብነው አሉ፣ ፍርድ ቤቱም መረጃ እንደ ድርሰት የአንድ ሰው ንብረት አይሆንም ብሎ ፈረደላቸው ለነሱ።

ጋሼ በጣም ሳቁ። "ወጥመዱ ሰርቷል፣ ሌባው ተይዟል፣ አምኗልም፣ ፍርድ ግን የለም!" አሉ። ደጋግመው አሉት። ያን ቀን እንደ ቀልድ ነው የሰማሁት።

ከስሙ ቀጥሎ ሚስቱ ናት። ኮሎምቦ ስለ ሚስቱ የማያወራበት ክፍል ቢፈለግ አይገኝም ለማለት ምንም አይቀረው፣ እኛ ግን አንድም ቀን አላየናትም፣ የሱ ተከታታይ ቀልድም እሱ ነው። በ1979 ግን ጣቢያው አጓጉቶት ሚሲስ ኮሎምቦ የሚል ሌላ ተከታታይ አወጣ፣ ሌቪንሰንና ሊንክ የሌሉበት። ኬት መልግሩ ነበረች የተጫወተችው። እስቲ ሂሳብ እንስራ፣ መልግሩ የተወለደችው በ1955 ነው። ኮሎምቦ በየካቲት 1968 ለመጀመሪያ ጊዜ "ሚስቴ" ሲል እሷ ገና አስራ ሁለት ዓመቷ ነበር ማለት ነው! ይሄን በናፕኪን ላይ ጽፌ ሳሳያቸው ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው "ይሄማ ሌላ ወንጀል ነው፣ ሌላ መዝገብ ይከፈት" አሉኝ። አዘጋጆቹም ነገሩ ገብቷቸው መሰለኝ ወዲያው የተከታታዩን ርዕስ ቀየሩት፣ ገጸ ባህሪዋን ከባሏ አፋቷት፣ የአባት ስሟንም ለወጡት፣ እንደዛም ሆኖ አስራ ሶስት ክፍል ብቻ ሄዶ ቆመ።

ውሻውስ? ስሙ "ውሻ" ነው፣ በቃ፣ ስም ሳይወጣለት ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1972 ነው፣ ጆሮው መሬት የሚጠርግ ባሴት የሚባለው ዓይነት ነው። እና የ1989ኞቹ ክፍሎች ሲመጡ ውሻው አሁንም አለ። የዚህ ዝርያ ዕድሜ እኮ አስራ ሁለት ዓመት አካባቢ ነው። የመኪናዋ ታርጋም ድሮ 044 ኤፒዲ ነበር፣ በኋለኞቹ ላይ ሌላ ሆኗል፣ መኪናዋ ግን ያችው ፔጆ 403 ናት። (ፔጆ ላይ ጋሼን ማስቆም አይቻልም፣ አዲስ አበባ አንድ አለቃቸው ነጭ ፔጆ 404 ነበረው፣ በየሳምንቱ ያ ፔጆ በአዲስ ታሪክ ይመጣል፣ እንደውም የሱ ታሪክ ከኮሎምቦ በላይ የኮንቲኒዩቲ፣ ማለትም የፊቱ ከኋላው ያለመግጠም፣ ችግር አለበት፣ አንዴ ጎማው ፈነዳ ይላሉ አንዴ ሞተሩ ተቃጠለ።)

ሰው ግን ለምን ይሄን ሁሉ ስህተት ተወው ካላችሁ፣ መልሱ ቀላል ነው፣ ማንም ደግሞ ያየዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ኮሎምቦ በየሳምንቱ የሚመጣ አልነበረም፣ ከሌሎች መርማሪዎች ጋር ተራ እየጠበቀ ነው የሚወጣው፣ በዓመት ጥቂት ክፍል ብቻ፣ እያንዳንዱ ደግሞ ራሱን የቻለ ፊልም ነው፣ ደራሲው ይለያያል ዳይሬክተሩ ይለያያል። የመጀመሪያውን የ1971 መክፈቻ ክፍል ስቲቨን ስፒልበርግ ነው ያዘጋጀው፣ ገና የሃያዎቹ ልጅ እያለ። ቪዲዮ መቅጃ በየቤቱ አልገባም። አንዴ አየኸው፣ ምናልባት ሲደገም አየኸው፣ አለቀ። እነሱ የሰሩት ለሚያልፍ ዓይን ነው፣ እኛ ግን ሪሞት ይዘን እንደ መርማሪ እየመለስን እያቆምን እናየዋለን።

ጋሼ ግን ይሄን ሁሉ "የልጅ ጨዋታ" ነው ሚሉት። ውሻው ሞተ አልሞተ ለሳቸው ምንም አይደለም። እሳቸው ሀገር ቤት ከሃያ ዓመት በላይ የችሎት ጸሐፊ ነበሩ፣ ዳኛ የሚለውን ምስክር የሚለውን ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው፣ እና እሳቸውን የሚያንገበግባቸው አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፣ መጨረሻው። ገዳዩ ፈገግ ብሎ እጁን ይሰጣል፣ ኮሎምቦ በትህትና አንገቱን ይነቀንቃል፣ ሙዚቃ ይገባል። ጋሼ ያኔ ነው የሚጮሁት። "እና ነገ ፍርድ ቤት ምን ይዞ ይቀርባል?"

ያንኑ የስፒልበርጉን ክፍል ውሰዱ። ሁለት ደራሲዎች ናቸው፣ አብረው ነው የሚጽፉት፣ በትክክል የሚጽፈው ግን አንዱ ብቻ ነው። የማይጽፈው የሚጽፈውን ሳንዲያጎ ወዳለ ቤቱ ይወስደውና ለሚስቱ ደውሎ "ቢሮ ነኝ፣ አመሻለሁ" እንዲላት ያደርገዋል፣ እያወራ እያለ ይተኩስበታል፣ ሚስትየው ባሌ ቢሮው ውስጥ ተገደለ ብላ ታምናለች። ዘዴው ቆንጆ ነው። መጨረሻ ላይ ኮሎምቦ የሚያመጣው ማስረጃ ግን ምንድነው? ሟቹ ከዓመታት በፊት የማስታወሻ ወረቀት ላይ የጻፈው የልብ ወለድ ሐሳብ፣ አንዱ ሌላውን ራቅ ያለ ቤት ወስዶ ሚስቱ ጋር ያስደውለዋል የሚል። በቃ። ገዳዩም ያን ሲሰማ ሐሳቡ እኮ የራሴ ነበር ብሎ ቁጭ። ጋሼ ተነሱ፣ ከምር ተነሱ ከሶፋው። "ወረቀት ላይ የተጻፈ ሐሳብ ኤግዚቢት ይሆናል? ጠበቃው ተኝቶ ነው ወይ? እኔ ብሆን በአንድ ቀጠሮ ነው በነጻ የማስወጣው።"

እኔ ተከላከልኩ። የኔ መከላከያ የ1971ዱ የስዕሎቹ ክፍል ነው፣ ለኔ ከ69ኙ አንደኛ እሱ ነው። ስዕል ተቺው አጎቱን ገድሎ ውድ ስዕሎቹን ሰርቆ አክስቱ ቤት ይደብቃቸዋል፣ እሷ እንድትጠረጠር። መጨረሻ ላይ ኮሎምቦ ስዕሎቹ ላይ አሻራ ይፈለግ ይላል፣ ተቺው ይስቃል፣ የኔ አሻራ ቢገኝስ ስዕሎቹን ስንት ጊዜ ነክቻቸዋለሁ ይላል። የምንፈልገው ያንተን አይደለም፣ የኔን ነው ይለዋል ኮሎምቦ። ቀደም ብሎ ተቺው ቤት ሄዶ ሰውዬው በእጁ የያዛቸውን ስዕሎች ሊያይ እጁን ሰዶ ነበርና። ሰውዬው ተደናግጦ "አሁን ነው የነካሃቸው!" ብሎ ሲጮህ ኮሎምቦ ቀስ ብሎ እጆቹን ከኪሱ ያወጣል። ጓንት። ከገባ ጀምሮ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። ጋሼ እዚህ ላይ ዝም አሉ፣ ሽሮውን ጠቀለሉ፣ ጎረሱ፣ "ይሄ ኤግዚቢት ነው" አሉ። ከሳቸው ይሄን ማግኘት ቀላል አይምሰላችሁ።

እንደገና የተጣላነው በፎቶ አንሺው ነው። በ1974 የወጣው፣ ዲክ ቫን ዳይክ የተጫወተው። ሚስቱን ገድሎ ታግታ ነበር ለማስባል ከሰዓት አጠገብ ፎቶ አንስቷታል፣ ሰዓቱ የሚያሳየው እሱ ሰዎች ጋር የነበረበትን ሰዓት ነው፣ ሁለት ሰዓት፣ በኛ ስምንት። ኮሎምቦ ታዲያ ፎቶውን ገልብጦ አሳትሞ ያመጣል፣ ሰዓቱ አስር ሆነ፣ በኛ አራት። ዋናው ፎቶ በስህተት ተበላሽቶብኛል ይላል። ውሸቱን ነው! ፎቶ አንሺው አበደ፣ ገልብጠኸው ነው፣ ኔጋቲቩ ካሜራው ውስጥ አለ እሱን እዩት ብሎ መደርደሪያ ላይ ከተደረደሩት ብዙ ካሜራዎች አንዱን ላጥ አድርጎ አነሳ። የቱ ካሜራ እንደሆነ ማን ነገረው? ገዳዩ ካልሆነ በቀር ማን ሊያውቅ።

ጋሼ አልወደዱትም። ፖሊስ ሐሰተኛ ማስረጃ ሰርቶ ተጠርጣሪውን አሳበደው፣ ይሄ ምርመራ አይደለም አሉ። እኔ ደግሞ ተዘጋጅቼ ነበር የወጣሁት፣ ሌሊት ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ ስፈልግ ያደርኩትን ዘረገፍኩት፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1969 ፍሬዘር የሚባል ተከሳሽ ጉዳይ ላይ ፖሊስ "ያ አብሮህ የነበረው አምኗል" ብሎ ስለዋሸው ብቻ የሰጠው ቃል ውድቅ አይሆንም ብሏል። መብትህ ይነገርህ የሚለው የ1966ቱ የሚራንዳ ውሳኔ ደግሞ የሚሰራው ተይዞ ለሚጠየቅ ሰው ነው፣ ኮሎምቦ ማንንም አይዝም፣ ሰው ቤት ገብቶ ቡና ጠጥቶ ስለ ሚስቱ እያወራ ነው የሚጠይቀው፣ ሕጋዊ ነው አልኳቸው። የድሮው በላ ልበልሃ ቢኖር ያን ማታ እኔ ነበርኩ የምረታው።

ጋሼ አዳመጡኝ፣ ከዛ "የለንደኑንስ?" አሉ። ያዙኝ። በ1972ቱ የለንደን ክፍል ላይ ኮሎምቦ በሰም ምስሎች ሙዚየም ውስጥ በጣቱ አንዲት ዶቃ ተጠርጣሪዎቹን የሚያስይዘው ጃንጥላ ውስጥ ወርወር አድርጎ ይከታል። ራሱ! ከዛ ዶቃዋ ስትገኝ ወንጀለኛው አእምሮውን ስቶ ያምናል። ይሄ ማታለል አይደለም፣ ማስረጃ መትከል ነው። ምንም የምለው አልነበረኝም። ለንደን ነው፣ ሌላ ሀገር ነው፣ ሚራንዳ እዛ አይሰራም ብዬ ለማሳቅ ሞከርኩ፣ አልሳቁም።

ቲቪውን ድምጹን ቀነሱት። "ልጄ፣ አመነ ማለት ገደለ ማለት አይደለም" አሉኝ። እኔ መልስ ልሰጥ ስል እጃቸውን ከፍ አደረጉ። በዛን ጊዜ፣ ሀገር ቤት ማለት ነው፣ አንድ ልጅ ቃሉን ሰጥቷል ተብሎ ወረቀቱ መጣ፣ እሳቸው ናቸው ያነበቡለት፣ ልጁ "አዎ" አለ። መጻፍ ስለማይችል በአሻራ ነበር የሚፈርመው። "አውራ ጣቱ አብጦ ነበር። ቀለም ስናስነክረው አሻራው አልወጣ አለ፣ ሁለቴ አስነከርነው፣ በሶስተኛው ሌላኛውን ጣቱን ወሰድን።" ከዛ የፎቶ አንሺው ክፍል ማለቂያ ላይ ያለው የሰውዬው ፊት ቲቪው ላይ ቆሞ ነበር፣ ፖዝ ላይ፣ ሁለታችንም እሱን አየን። ልጁ ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር፣ ላሞቀው ብዬ ኪችን ገባሁ።

ስመለስ እኔ ነኝ ወሬ የቀየርኩት። ያ "አንድ ነገር ብቻ" የሚላት ነገር ከየት እንደመጣች ታውቃለህ፣ ይቅርታ ያውቃሉ አልኳቸው። ሌቪንሰንና ሊንክ መጀመሪያ ለመድረክ ሲጽፉት ኮሎምቦን ከክፍሉ አስወጡት፣ ከዛ ትዕይንቱ አጠረባቸው፣ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር እንደቀረም ታያቸው። ግን በታይፕራይተር የተመታ ነው፣ እንደገና ከላይ መምታት ሰለቻቸው። ምን አደረጉ፣ በሩን ከፍተው መለሱት፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት አሰኙት። ያ ሁሉ ሰው የሚያስመስላት፣ ገዳይ ሁሉ የሚሸበርባት ዓረፍተ ነገር ቀዳዳ መድፈኛ ናት!

ጋሼ አሰቡበት። "እኛም እናደርገው ነበር" አሉ፣ "ገጹ ካለቀ በኋላ የተረሳ ነገር ሲገኝ ኅዳግ ላይ ትጽፋለህ፣ ዳኛው አጠገቡ ይፈርምበታል።" ከዛ ከሽሮው አንድ ሁለት ጎረሱና ሳያስቡት ወደ ፎቶ አንሺው ተመለሱ። ሰዓቱ ግን ሲገለበጥ ሁለት በእርግጥ አስር ይሆናል ወይ? እንዴ ይሆናል እንጂ አልኩ። ግን እኛ ስምንት አራት ነው የምንለው አሉ፣ በኛ ሰዓትም ይሰራል? እኔ ዝም ብዬ አየኋቸው። የጋሼ የግድግዳ ሰዓት እስካሁን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚሞላው፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ይደናገጣል።

ተነስተው አወረዱት። አቧራውን በክንዳቸው ጠረጉ፣ ከጀርባው ያለችውን መዘውር አዙረው ትክክል ስምንት ላይ አቆሙትና መታጠቢያ ቤት ገባን፣ እሳቸው ደረታቸው ላይ ይዘውት መስታወት ፊት ቆሙ፣ እኔ በትከሻቸው በኩል አየሁ። ትንሿ ዘንግ ወደ አራት ታመለክታለች። ሰርቷል! ስድስት ሰዓት ብታፈናቅለውም ልክ እዛው ይመጣል፣ እኔ ራሴ ገረመኝ፣ እጄን አጨበጨብኩ።

ጋሼ ግን አልተንቀሳቀሱም። መስታወቱን ጠጋ ብለው አዩ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ፣ እንደገና አዩ።

"ቁጥሮቹ ተገልብጠዋል" አሉ። እውነትም ሶስቱ ወደ ኋላ ዞሯል፣ ሰባቱም።

"እና የመቶ አለቃው ሰዓት ቁጥር የለውም?"

ሰዓቱን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ሪሞቱን ፍለጋ ወጡ።